ኪራዩ ደርሷል፤ ገንዘቡ አልቋል

የኪራይ ቀን ሲቃረብ በአዲስ አበባና በሌሎቹም ከተሞቻችን የሚኖሩ የብዙ ወጣት ሠራተኞች አወጣጥና አገባብ ይለወጣል። ጧት ከቤት የሚወጡት የግቢው ሰው ሳይነሣ ነው፤ ማታም የሚመለሱት የባለቤቲቱ መብራት ከጠፋ በኋላ ነው። የግቢው በር እንዳይጮኽ ቀስ አድርገው ይገፉታል። ስልክ ሲጠራም የማን ቁጥር እንደ ሆነ ሳያዩ አያነሡም። እንዲህ የሚሸሸጉት ወንጀል ሠርተው አይደለም፤ የሁለት ወይም የሦስት ወር ኪራይ ስላለባቸው ነው።

ለዛሬ የመረጥነው ርእስ ይኸው ነው። ገንዘብ ሳያልቅ እንዴት እንደሚቆጠብ የሚመክር ሰው በያለበት ሞልቷል። ገንዘቡ ካለቀና ኪራዩ ካለፈ በኋላ ምን መደረግ እንዳለበት የሚናገር ግን ጥቂት ነው። የታመመን ሰው «ቀድሞ መጠንቀቅ ነበረብህ» ማለት መድኀኒት አይሆነውምና እኛ በበኩላችን ከሕመሙ እንጀምራለን።

አስቀድመን ግን ለወጣቶቹ የሚገባቸውን ፍርድ ልንሰጣቸው እንወዳለን። ብዙ ሽማግሌዎች «እኛ በዚህ ዕድሜያችን ቤተ ሰብ እናስተዳድር ነበር፤ የዛሬ ልጅ ደመወዙን የት ያገባዋል?» ሲሉ ይሰማሉ። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት በሆነ ጊዜ የአነስተኛ ቤቶች ኪራይ በሕግ ተቀንሶ ነበር። በዚያ ዘመን የቀበሌ ቤት ያገኘ ቤተ ሰብ ለብዙ ዓመታት በዚያው በጥቂት ብር ኖሯል። የዛሬው ተመራቂ ያን ቤት አልወረሰም። እሱ የሚከራየው ከግለሰብ ነው፤ ቤቱን ሲይዝ የሚጠየቀውንም ዋጋ የሚወስነው ገበያው ነው። በዚያ ላይ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት፥ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው የትምህርቱን ዕዳ ተሸክሞ ነው ሥራ የሚጀምረው።

ለምሳሌ ያህል ተቀናሹ ሁሉ ከወጣ በኋላ 9,000 ብር እጁ የሚገባ ወጣት ለኪራይ 4,500 ብር ቢከፍል፥ የቀረው በቀን 150 ብር ነው። ከዚህ ላይ የታክሲ፥ የምሳና የእራት፥ የሳሙናና የስልክ ካርድ ይወጣል፤ አገር ቤት ላሉት እናቱም የሚልከው አለ። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ሰርግ ወይም አንድ ሕመም ቢመጣበት ወሩ ይሰበርበታል። ስለዚህ ኪራይ ያለፈበትን ሁሉ አባካኝ ነው ብሎ መፍረድ ትክክል አይደለም። ገንዘቡን መሸታ ቤት የጨረሰውም እንዳለ እናውቃለን፤ እሱን ግን ጋዜጣ አይመልሰውም።

የኛ ነገር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ወር የጎደለው ገንዘብ ነው፤ በሁለተኛው ወር ግን የሚጎድለው ቃል ነው። ተከራዩ ገንዘቡን ሲያጣ አንደበቱንም አብሮ ያጣል። «ሳልይዝ እንዴት ብዬ ዐይኗን አያለሁ» ይላል። መልካም ይሉኝታ ይመስለዋል፤ ባለቤቲቱ ግን ይሉኝታውን አታይም። የምታየው በሩን ቀስ አድርጎ ሲዘጋ ነው፤ ባለፈው እሑድ ያደረገውን ንጹሕ ጫማ ነው፤ ወዳጆቹ መጥተው ሲሥቁ የሰማችውን ድምፅ ነው። ከዚህ ተነሥታ «ገንዘቡ አለው፥ እኔን ግን ንቆኛል» ብላ ትደመድማለች። ለድኻ የሚራራ ሰው ብዙ ነው፤ ለናቀው የሚራራ ግን አይገኝም።

ደግሞስ ይህች ባለቤት ማን ናት? በየሰፈሩ ሰርቪስ ቤት ከሚያከራዩት ውስጥ ብዙዎቹ ባለጸጎች አይደሉም። አንዳንዷ ባሏ የሞተባትና በጥቂት ጡረታ የምትኖር ናት፤ የጤፍዋን፥ የመድኀኒቷንና የልጅ ልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ የምትሸፍነው በዚያ ኪራይ ነው። ተከራዩ ሳይከፍል ሲቀር እሷም በበኩሏ ከባለሱቁ በር መሸሸግ ትጀምራለች። ይህን ያወቀ ወጣት ኪራዩን «የባለቤት ትርፍ» እያለ አያቃልለውም።

ቀድሞ በአገራችን ባለዕዳና ባለገንዘብ በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ታስረው የሚሄዱበት ልማድ ነበረ፤ ቁራኛ ይባል ነበር። ሰንሰለቱ የታሰበው ባለዕዳው እንዳያመልጥ ነው። ነገር ግን በሰንሰለቱ ሌላ ጫፍ ያለውም ሰው ያው የታሰረ ነው፤ አብሮ ይሄዳል፥ አብሮ ይቀመጣል፥ ዳኛ ፊትም አብሮ ይቆማል። ዛሬ ሰንሰለቱ ቀርቶ «በዐይነ ቁራኛ መጠበቅ» የሚለው አነጋገር ብቻ ቀርቶልናል። የሆነ ሆኖ ኪራይ ያለፈበትን ግቢ ሌሊት ላይ ላየ ሰው ቁራኛው ጨርሶ የጠፋ አይመስለውም። አንዷ መጋረጃ ገልጣ ታያለች፥ አንዱ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ ያልፋል፤ ሁለቱም እንቅልፍ የላቸውም።

ይህን ሰንሰለት የሚፈታው በመጀመሪያ ገንዘብ አይደለም፤ ሄዶ መናገር ነው። ያውም ቀኑ ካለፈ በኋላ ሳይሆን ሳይደርስ በፊት መናገር ነው። ከሦስት ቀን በፊት የተነገረ ችግር ምክክር ነው፤ ከሦስት ቀን በኋላ የተነገረ ግን ማመካኛ ይመስላል። አነጋገሩም ረዥም መሆን አይገባውም። «እማማ፥ በዚህ ወር እናቴን ሆስፒታል አስገብቼ ገንዘቡ አልቆብኛል። ዛሬ 1,500 ብር ይዣለሁ፥ ይቀበሉኝ። የቀረውን ደመወዝ በወጣ ማግሥት አመጣለሁ» ማለት ይበቃል። ምክንያቱ እውነተኛ ይሁን። በሐሰት የታመመች እናት አንድ ቀን ጤነኛ ሆና እንግዳ ልትመጣ ትችላለችና።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ እንዲባል እንፈልጋለን። አንደኛው፥ ባዶ እጅን ይዞ አለመሄድ ነው። ጥቂትም ብትሆን የተከፈለች ገንዘብ «ዕዳዬን አውቃለሁ» የሚል ፊርማ ናት። ሁለተኛው ደግሞ የቀጠሮው ነገር ነው። ባለዕዳ ሲጨነቅ ያቺን ሰዓት ብቻ ለማለፍ «ነገ»፥ «ከነገ ወዲያ» ማለት ይቀናዋል። ከነገ ወዲያ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ግን እሱም አያውቅም። ሁለት ጊዜ የፈረሰ ቀጠሮ ሦስተኛውን አያስታምንም፤ ስለዚህ ሩቅም ቢሆን የሚጠበቅ ቀን መናገር ይሻላል። ባለቤቲቱ ለጊዜው ብትቈጣ፥ ቁጣው ያልፋል፤ ቀኑ ሲደርስ ገንዘቡ ከመጣ የዚያ ልጅ ስም በግቢው ውስጥ ከቀድሞው የበለጠ ይከበራል።

ሕጉንም ማወቅ ይበጃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፥ የውሉም ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ አከራዩም ከሁለት ወር የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ ደንግጓል። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ያዛል። ይህ ለተከራዩ ታላቅ መከታ ነው። ነገር ግን አዋጁ በቤቱ ተረጋግቶ እንዲኖር የሚጠብቀው ኪራዩን የሚከፍለውን ሰው ነው፤ ኪራይ አለመክፈል ውል ከሚቋረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ መሆኑ አልቀረም። «ሁለት ዓመት አያስወጡኝም» ብሎ ኪራይ የሚያሳድር ወጣት ቢኖር አዋጁን በግማሹ አንብቦታል። በከፊል የተከፈለውም ገንዘብ በባንክ ቢያልፍ፥ በእጅ ከተሰጠም በወረቀት ላይ ቢፈረምበት በኋላ «ሰጥቻለሁ፥ አልተቀበልሁም» ከሚል ክርክር ያድናል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። መናገር የከበደው ሰው ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ ሌላ አበዳሪ ነው። ከባለቤቲቱ አንድ ሳምንት ለመለመን ያፈረው ሰው ከአራጣ አበዳሪ ዘንድ ሄዶ አንድ ዓመት ይታሰራል፤ «ከቆጡ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው እዚህ ላይ ነው። ሒሳቡን በጣት እንቍጠረው። 10,000 ብር በወር በመቶ አሥር ሒሳብ የተበደረ ሰው በየወሩ 1,000 ብር ወለድ ይከፍላል። ዓመቱ ሲሞላ 12,000 ብር ከፍሎ፥ ዋናው 10,000 ብር ግን ሳይነካ ይቆየዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ከሰው በሚበደረው ገንዘብ ላይ ውለኞቹ ሊስማሙበት የሚችሉት ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ይህም ለዚያው 10,000 ብር በዓመት 1,200 ብር መሆኑ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣውም የወንጀል ሕግ የሰውን ችግር መጠቀሚያ አድርጎ በአራጣ ማበደርን ወንጀል ብሎታል።

አራጣ አበዳሪው ግን ይህን ከኛ ይልቅ ያውቃል። ስለዚህ ወለዱን በውሉ ላይ አይጽፍም፤ 10,000 ብር ሰጥቶ 16,000 ብር እንደ ሰጠ አድርጎ ያስፈርማል። አንዳንዱም መያዣ ይሆነው ዘንድ ቀኑ ያልተጻፈበት ቼክ ይቀበላል። ሒሳብ በሌለው ቼክ ላይ መፈረም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የኪራይ ዕዳ ያለበት ሰው በባለቤቲቱ ቢከሰስ ነገሩ የገንዘብ ክርክር ነው፤ በዚህ ቼክ ግን ተከሳሽ ሆኖ በወንጀል ችሎት ሊቆም ይችላል። ወጣቱ እስክሪብቶውን ሲያነሣ ይህን ልዩነት ቢያስብ እንወዳለን።

ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በስልክ የሚገኝ ብድር መጥቷል። በቴሌብር «መላ» እና «እንደ ኪሴ» የሚባሉት የብድር አገልግሎቶች በዚያ ዓመት ከተጀመሩ በኋላ ሌሎችም ባንኮች ተከትለዋል። ዋስ ሳይጠሩ፥ ማንንም ሳይለምኑ፥ በሌሊት አልጋ ላይ ተኝቶ መበደር ተቻለ። ይህ ከአራጣ ጋራ አንድ አይደለም፤ በሕግ የቆመ አገልግሎት ነው፤ ለሦስት ቀን ክፍተትም ይጠቅማል። ሆኖም ማንም ሳያይ የተወሰደ ብድር የሚከፍልበትም ቀን ማንም ሳያይ ይደርሳል፤ ክፍያው ከተቆረጠ በኋላ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ላይ ደግሞ ያው ቀዳዳ ይከፈታል። በየወሩ ያንኑ መጠን እየከፈለ ያንኑ መጠን የሚበደር ሰው፥ ደመወዙ ያን ያህል የቀነሰ መሆኑን አውቆ ኑሮውን ሊያስተካክል ይገባዋል።

ዕቁብስ? ዕቁብ ደግ ነገር ነው፤ ግን ስለ ዕቁብ በደንብ የማይታሰብ አንድ ነገር አለ። የመጨረሻው ዕጣ የሚደርሰው ሰው ቆጣቢ ነው፤ የመጀመሪያው ዕጣ የደረሰው ግን ባለዕዳ ነው። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ወጣት ገንዘቡን እንደ ሽልማት ቈጥሮ ሶፋ ይገዛበትና ከዚያ በኋላ ላለው ወራት ሁሉ ከኪራዩ ላይ እየቀነሰ ዕቁብ ይጥላል። በየመሥሪያ ቤቱ ያሉት የሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበሮች በዚህ ረገድ ይሻላሉ፤ ብድሩ ብድር መሆኑ በግልጽ ይታወቃልና። ለባልደረባው ዋስ የሚሆንም ሰው ወረቀቱን እንደ ሰላምታ ቈጥሮ አይፈርም። ባለዕዳው ሥራ ለቅቆ ቢጠፋ ከዋሱ ደመወዝ ላይ እንደሚቆረጥ ያወቁት ከቆረጠባቸው በኋላ የሆኑ ብዙዎች ናቸው።

እስከ አሁን የተናገርነው ገንዘብን ስለ ማጣት ነው። ገንዘብ ከማጣት የሚብስ ግን አለ፤ እሱም በወጣት ሹም ላይ የሚመጣው ነው። የኪራይ ዕዳ ያለበት ሰው ጧት ተነሥቶ የሚሄደው ወደ ጠረጴዛው ነው። በጠረጴዛው ላይ የሰዎች ፋይል አለ፤ የንግድ ፈቃድ፥ የቦታ ካርታ፥ የግዥ ጨረታ ይሆናል። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ባለጉዳይ የሰውየውን ፊት ማንበብ ያውቃል። ጉቦ ሲሰጥ «ጉቦ ነው» የሚል ሰው የለም። «ወንድሜ፥ የቤት ኪራይ አስጨንቆሃል መሰለኝ፤ ይቺን ያዝና ሲመችህ ትመልስልኛለህ» ይላል። ያ ወጣት ያን ዕለት ሌባ ልሁን ብሎ አልወጣም። እሱም በልቡ «ብድር ነው» ይላል። ነገር ግን ቀን የሌለው፥ ወረቀት የሌለው፥ ጉዳዩ በተበዳሪው ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ሰው የመጣ ብድር በየትኛው አገር ብድር ይባላል? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ያረጀ ተረት በሰው አእምሮ ውስጥ የሚገባው እንዲህ ባለው ደካማ ሰዓት ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ግን የኪራይ ቀን ደርሶ ነበር ብሎ የሚያዝንለት ሰው የለም።

የገንዘብ ያዡም ፈተና ከዚህ አይርቅም። ካዝናው ውስጥ ያለው ገንዘብ እስከ ደመወዝ ቀን ድረስ የሚተኛ ይመስለዋል። «አስር ቀን ብቻ» ብሎ ያነሣል፤ በመጀመሪያው ወር ይመልሰዋል፤ ስለ መለሰውም በሁለተኛው ወር አይፈራም። ቆጠራ ግን የደመወዝን ቀን ጠብቆ አይመጣም። በሺህ ብር ጉድለት ሥራውን፥ ስሙንና ነጻነቱን ያጣ ሰው ታሪክ በየመሥሪያ ቤቱ አለ፤ ጉድለቱ ሲመረመር ከበስተኋላው የሚገኘው ብዙ ጊዜ ቪላና መኪና ሳይሆን የኪራይና የባለሱቅ ዕዳ ነው። እኛ ኪራይን ያህል ትንሽ የሚመስል ነገር በዚህ ገጽ ላይ ያነሣነው ስለዚህ ነው። ለባለቤቲቱ «የለኝም» ማለት የሚያሳፍረው ለአንድ ቀን ነው። ያን የአንድ ቀን ኀፍረት ለመሸሽ ሲባል የሚሸጠው ፊርማ ግን ተመልሶ አይገዛም።

ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎችም ድርሻ አለባቸው። በሥራቸው ያለው ወጣት ችግሩን ሲነግራቸው «የግል ጉዳይህን እቤትህ ተወው» ብሎ መመለስ ቀላል ነው። ግን ችግሩን ለአለቃው የነገረ ሠራተኛ ለባለጉዳይ ከሚነግር ሠራተኛ እጅግ ይሻላል። ጥቂት ጊዜ ከገንዘብ ሥራ ዘወር ማድረግ፥ ወደ ብድር ማኅበሩ መምራት፥ ባልደረቦቹ በምስጢር እንዲያግዙት ማድረግ ይቻላል። በልቅሶ ጊዜ እንዴት እንደምንሰበሰብ ለምናውቅ ሰዎች ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም።

ወደ አገር ቤት የሚላከውም ገንዘብ ዝም ብለን የምናልፈው አይደለም። ወላጆቹን የሚረዳ ልጅ የተመሰገነ ነው። ሆኖም ብዙ ወላጆች ልጃቸው በአራጣ ተበድሮ እንደሚልክላቸው ቢያውቁ ያን ገንዘብ በእጃቸው አይነኩትም ነበር። አባት ችግርን የማያውቅ ይመስል ደመወዙን የሚደብቅ ልጅ አባቱን አላከበረም። «አባባ፥ በዚህ በሁለት ወር ልልክ አልችልም፤ ኪራይ አለብኝ» የሚል ስልክ ያስከፋል ብለን አናምንም፤ ምናልባትም ከጓሮው ሽሮና በርበሬ ተቋጥሮ ይመጣል።

ተማሪዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ክፍል ለሦስት ወይም ለአራት ሆነው ይከራያሉ። የዚህ ችግሩ ሌላ ነው፤ የአንዱ ጉድለት የሁሉ ዕዳ ይሆናል። ውሉን የፈረመው አንዱ ብቻ ሲሆን ባለቤቱ የሚጠይቀው እሱን ነው፤ ድርሻውን ያልሰጠው ጓደኛ ግን መጽሐፉን ይዞ ቤተ መጻሕፍት ይገባል። ወዳጅነት እንዳይበላሽ ተብሎ ዝም ይባላል፥ በዝምታውም ወዳጅነቱ ይበላሻል። ገና ቤቱን ሲይዙ አንዱ ቢጎድልበት ሌሎቹ ለስንት ወር እንደሚሸፍኑለት፥ እሱም እንዴት እንደሚመልስ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ቢፈራረሙ መጠራጠር አይደለም። ለሚያምኑት ወዳጅ የሚያበድሩትም እንዲሁ ቢጽፉት መልካም ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ ማስረጃ እንዲረጋገጥ የጠየቀው በከንቱ አይደለም።

ዕዳው ከአንድ በላይ ሲሆን ማንን አስቀድሞ መክፈል ይገባል? ብዙ ሰው የሚከፍለው አብዝቶ ለሚጮኸው ነው። በኛ አስተያየት መጀመሪያ የሚከፈለው ቤቱ ነው፤ ሰው ከቤቱ ከወጣ ሥራውንም ለመጠበቅ ይቸግረዋልና። ቀጥሎ በየቀኑ የሚያድገው ዕዳ ነው። ከዚያም የማይጮኸው ባለሱቅ አለ፤ የጠረጴዛውን መሳቢያ ስቦ የዱቤ ደብተሩን ሲያወጣ የብዙ ሰው ስም የተጻፈበት፥ ለአከፋፋዩ ግን በጥሬ ገንዘብ የሚከፍለው ሰው ነው። ዝም ስላለ የጠገበ አይምሰላችሁ። በየሳምንቱ መቶም ሁለት መቶም ብር እየተሰጠ ከደብተሩ ላይ ስም ሲሰረዝ፥ ያው ሱቅ በሚቀጥለው ክፉ ቀን ዳቦና ዘይት አይነፍግም።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ቤቱን ለመያዝ የማይቻልበት ጊዜ ይመጣል። ያን ጊዜ ከጓደኛ ጋራ ተዳብሎ ወይም ራቅ ወዳለ ሰፈር ወርዶ አነስተኛ ክፍል መያዝ ውርደት አይደለም። አወጣጡ ግን በሌሊት፥ በአይሱዙ ዕቃ ጭኖ አይሁን። በቀን፥ ባለቤቲቱ ባለችበት፥ የመብራቱንና የውኃውን ቆጣሪ አብሮ አይቶ፥ የቀረውን ዕዳ በቁጥር ጽፎና ፈርሞ፥ አዲሱን ሰፈርና የስልክ ቁጥር ትቶ ይውጣ። በየወሩም ደመወዝ በወጣ ማግሥት 500 ብርም ትሁን፥ በዚያው ባንክ ይላክላት።